ሸክላውና ግሪሳው

ሙዚቃው ማማሩ ነው ኡሙልኸይርን ይበልጥ ያናደዳት። አስቀያሚ ቢሆን ኖሮ በአንድ ስድብ ትገላገለው ነበር፤ በስድብ ደግሞ ከቆቦ እስከ ዋጃ የሚስተካከላት የለም። ግን ያ በጥቁር ሸክላ ላይ የሚሽከረከር የፈረንጅ ዜማ ሳትፈቅድለት በጆሮዋ ገብቶ ከምላሷ ሥር ተቀመጠ። ውኃ ስትቀዳ ይከተላታል። ለሶላት ስትቆም ይቀድማታል። «አዑዙ ቢላህ!» ብላ ታባርረዋለች፤ እሱ ግን እንደ ለማዳ ድመት በአንዱ በር ወጥቶ በሌላው ይመለሳል።

ሸክላውን ያመጣው ጓድ ይርጋ ነው። የደሴ ልጅ ነው። ምሥራቅ ጀርመን ሄዶ ስለ ባህል ተምሮ ሲመለስ አንድ ሸክላ ማጫወቻ፣ አንድ ቫዮሊንና ከቆላው ሙቀት ጋር የማይስማማ ጥቁር ኮት ይዞ መጣ፤ የቆቦን የኪነት ቡድን ምራ ተባለ። ኡሙልኸይርን ያገኛት ሠርግ ቤት ውስጥ ነው። እሷ አውጪ ናት። በራያ አውጪ ማለት የሠርጉ አንገት ነው፤ ግጥሙን እዚያው እየፈጠረች ትወረውራለች፣ ሕዝቡ እየተቀበለ ይመልስላታል። ይርጋ ጥግ ላይ ቆሞ ሰማት፤ በማግስቱ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ልኮ አስመጣት።

«ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው፤ ከቡድኑ ጋር እዚሁ ግቢ ውስጥ ታድሪያለሽ» አላት። «ከወዳጅ አገር እንግዳ ይመጣል።»

ሳምንቱ አለቀ፤ እንግዳው አልመጣም። «የሚመጣው ሳምንት» ተባለ። እንዲህ እየተባለ አብዮቱ አምስተኛ ልደቱን አክብሮ፣ መስከረም ወጥቶ ጥቅምት ገባ። ማሽላ ደግሞ እንግዳ አይጠብቅም። በዋጃ መንገድ፣ ከከተማው የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ያለው የእናቷ ማሳ ፍሬው ገና ወተት ይዞ ቆሟል።

ያ ማሳ መሬት ላራሹ የታወጀ ጊዜ ለእናቷ ለሀሊሜ የደረሰ ነው። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ ለባላባት ሲያርስ ኖሮ የእኔ የሚለው አንድ አገዳ ሳያይ ሞተ። ስለዚህ ለእናትና ልጅ እዚያ የቆመው ማሽላ ብቻ አልነበረም። ሀሊሜ ግን ዓይኗ ደክሟል። ማማው ላይ ወጥታ ወንጭፍ ታዞራለች፣ ክንዷ የጎረምሳ ነው፤ ወፉ ከየት እንደሚመጣ ግን የምታውቀው አፍንጫዋ ሥር ሲያርፍ ነው። የሚያይላት ዓይን ቆቦ፣ አዳራሽ ውስጥ፣ ስለ ትራክተር ይዘፍናል።

አዳራሹ ራሱ ቀድሞ የባላባቱ የእህል መጋዘን ነበር። አባቷ በጀርባው ተሸክሞ የሞላው መጋዘን ነው። ይህን ይርጋ አያውቅም፤ እሷም ልትነግረው አልፈለገችም። ለሁሉ ሰው ሁሉ ነገር አይነገርም።

«ስሙ!» ይላል ይርጋ፣ መርፌውን ሸክላው ላይ ካሳረፈ በኋላ። «ይህ ሙዚቃ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የአውሮፓ ሙዚቃ እንደ ሐረግ ነው፤ አንዱ በአንዱ ላይ ይጠመጠማል፣ ጫፉን አታገኘውም። እነ ሀይድን፣ እነ ሞዛርት መጡና ሐረጉን መለመሉት። አንድ ጥርት ያለ ዜማ ከላይ፣ የሚሸከመው ከሥር። አራት ምት ይጠይቃል፣» እጁን አነሳ፣ «አራት ምት ይመልሳል።» ዝቅ አደረገው። «ጥያቄ፣ መልስ። ሚዛን!»

«ጠያቂው ማነው?» አለች ኡሙልኸይር።

«እንዴት ማነው? ዜማው ነዋ።»

«መላሹስ?»

«ያው ራሱ ዜማው።»

«አሃ፣ እንደ ቀበሌ ስብሰባ በለኛ! ራሱ ይጠይቃል፣ ራሱ ይመልሳል፣ እኛ ስናጨበጭብ እንውላለን።»

መሰንቆ መቺው እሸቴ ሳቁን ለመደበቅ ግንባሩን መሰንቆው ላይ ደፋ። ትከሻው ግን አሳበቀበት።

«ይህ ምላስሽ አንድ ቀን ያስበላሻል» አላት ይርጋ።

«እስኪያስበላኝ ድረስ እሱው ያብላኝ፣ ጓድ።»

ሌላው ሁሉ ይርጋን «እርስዎ» ይለዋል። እሷ ግን ጓድ ማለት እኩያ ማለት ነው ተብሎ በስብሰባ ስለተነገረ በ«አንተ» ጸናች። ስብሰባ የጠቀማት ለዚህ ብቻ ነው።

ሥራው እንዲህ ነበር። የሸክላውን ዜማ ይርጋ በቫዮሊኑ ይጀምራል፣ እሸቴ በመሰንቆው ከሥር ይሸከመዋል፣ ኡሙልኸይር ይርጋ የጻፈውን የትራክተር ግጥም በዜማው ላይ ታወርዳለች። ከግጥሙ አንዲት ቃል መለወጥ የለም። ዛሬ እንደ ትናንቱ፣ ነገም እንደ ዛሬው። ከበሮ የለም፤ «ይጋርደዋል» ብሎ ከበሮውን ዕቃ ቤት ቆልፎበታል። ተቀባይም የለም። ለአንድ አውጪ ይህ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ኳስ እየወረወሩ የሚመልስ እንደማጣት ነው። እሷ መጀመሪያ ያበደችው በዚህ ነው። ቀጥሎ ያበደችው ደግሞ ዜማው ያለ ተቀባይም በሁለት እግሩ መቆሙን ስታይ ነው። መሐሉ ላይ ድምፁ ድንገት ይጨልማል፣ ከመጣበት መንደር ርቆ በማያውቀው አገር ይንከራተታል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ እንደሚገባ ሰው፣ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። እዚያ ቦታ ሲደርስ ሁልጊዜ የይርጋ ዓይን እንባ ያቀርራል። የውሸት አልነበረም፤ ይህን እንኳ አልካደችውም።

«ሰማችሁ?» ይላል። «ዜማው ከቤቱ ወጣ፣ ተንከራተተ፣ አሁን ቤቱ ገባ። የዚያ ዘመን ሰዎች ያለዚህ አያሳርፋቸውም፤ የወጣ መመለስ አለበት።»

«ዜማውስ ቤቱ ገባ» አለች። «እኛስ?»

ይርጋ መርፌውን አነሳ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ሙቀቱ ሁሉንም ግድግዳ ላይ ሲያስደግፋቸው፣ ይርጋ የፊውዳል ሥርዓትን ክፋት ሊያስረዳቸው ተነሳ።

«ይህን የመሰለ ሙዚቃ የሠራው ሀይድን ማን ነበር መሰላችሁ? የመስፍን አሽከር! የጌታውን የደንብ ልብስ ይለብሳል፣ ነጭ ካልሲ አድርጎ፣ ፀጉሩ ዱቄት ተነስንሶበት። በየቀኑ ደጅ ይጠናል፤ ዛሬ ሙዚቃ ያሻዎታል ወይስ አያሻዎትም እያለ። የሠራውን ዜማ ያለ ጌታው ፈቃድ ለሌላ መስጠት አይችልም። ሳይፈቀድለት ከግቢው ንቅንቅ የለም። አያችሁ ግፉን?»

ኡሙልኸይር የለበሰችውን የቡድኑን ካኪ አየች። በየማለዳው ተሰልፈው «ዛሬ እንግዳው ይመጣል?» ብለው የሚጠይቁትን አሰበች። የአጎቷ ልጅ እዚያው አጠገብ ሮቢት ላይ ስትዳር ሄዳ እንዳታወጣላት «የቡድኑ ድምፅ በየሠርጉ አይረጭም» ተብላ መከልከሏን አሰበች።

«ጓድ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?»

«ጠይቂ።»

«እና ካልሲውን ብቻ ነው ያልሰጠኸን?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ይርጋ ብቻ ነው ያልሳቀው።

«ያ ለአንድ ሰው ምቾት ነው! ይህ ለሰፊው ሕዝብ ነው!»

«ሰፊው ሕዝብ ማሽላ ማሳ ውስጥ ነው ያለው። እኔም ከእሱው ነኝ። ልቀቀኝና ልሂድለት።»

«አድኃሪ አነጋገር ነው ይህ፣ ኡሙልኸይር።»

እሸቴ ነገሩ እንዳይከር ብሎ ጣልቃ ገባ። «ያኛውስ፣ ሞዛርት ያሉት? እሱም ደጅ ሲጠና አረጀ?»

«እሱ አልቻለም» አለ ይርጋ፣ ወደሚወደው ወሬ በመመለሱ ደስ ብሎት። «ጌታው ጳጳስ ነበር። ልልቀቅ ብሎ ሲጠይቅ ከሹማምንቱ አንዱ በእርግጫ ብሎ ከደጅ አስወጣው።»

«ወጣ ግን?» አለች ኡሙልኸይር።

«ወጣ። ከዚያ በኋላ ራሱን ችሎ ኖረ።»

«እሰይ! ለመውጫ ከሆነ እርግጫም ይጣፍጣል።»

ታሂር የመጣው በገበያ ቀን ነው። ማማው ከእነሱ ማማ ቀጥሎ ያለ ጎረቤታቸው ነው። ከግቢው አጥር ማዶ ቆሞ አስጠራት። የበሩ ጠባቂ ሁለቱንም ስለሚያውቃቸው ፊቱን አዞረላቸው።

«ግሪሳ ሮቢት ላይ አረፈ፣ እቱ» አላት ሳይሳለማት። ታሂር ሳይሳለም ወሬ ጀምሮ አያውቅም።

«ያ አላህ! ብዙ ነው?»

«ብዙ? ሰማይ ነው እንጂ ወፍ አትበይው። ጧት ማሽላ የነበረው ማሳ ማታ አገዳ ብቻ ቆሞበታል። የሚያድረው ዞብል ተራራ ሥር ካለው ቁጥቋጦ ነው ይላሉ። ዛሬ ካልሆነ ነገ ወደኛ ነው።»

«እማስ?»

«እናትሽማ ማማው ላይ ናት። ወንጭፏን ታዞራለች፤ ባዶ ሰማይ ትወግራለች። እኔ የራሴን ትቼ የእሷን ማየት አልችልም፣ ወላሂ አልችልም። የዳሩ ማማ የእናንተ ነው። ከዳር ጩኸት የሚያወጣ ከሌለ ወፉ መኻል ገብቶ ነው የምናውቀው።»

ይህ በራያ ሜዳ ሕግ ነው፤ ማንም ጽፎት አያውቅም። ወፉን ቀድሞ ያየው የዳሩ ማማ ጩኸት ያወጣል። ቀጥሎ ያለው ይቀበልና ለሚቀጥለው ያስተላልፋል። ጩኸቱን የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይሮጣል፤ የማን ማሳ ነው ብሎ አይጠይቅም። ሰምቶ ያላስተላለፈ ሰው በሚቀጥለው ዓመት በደቦ አይጠራም፣ ለልጁ ሚስት ሲጠይቅም አይሰጡትም።

«አብሽሪ» አላት ታሂር ሲለያት። ሲላት ግን ፊቷን አላያትም።

ኡሙልኸይር በቀጥታ ይርጋ ዘንድ ገባች። ቫዮሊኑን አገጩ ሥር ይዞ አንዱን ቦታ እየደጋገመ ይፍቃል።

«ልሂድ ነው» አለች። «ግሪሳ መጥቷል። እናቴ ዓይኗ አያይም።»

«እንግዳው ነገ ይመጣል። አሁን ስልክ ተደወለልኝ፤ እርግጥ ነው። ነገ ዘፍነሽ ማታውኑ ሂጂ፣ ማን ከለከለሽ?»

«ወፉን ነገ ማታ ና ልበለው?»

«ስለ ወፍ ነው የምታወሪኝ!» ቫዮሊኑን አወረደው።  ነገ ካማረለት ደሴ ይመለሳል፣ ምናልባት ከደሴም ያልፋል፤ ካላማረለት የት እንደሚወድቅ አያውቅም። ይህን ሁሉም ያውቃል። «እኔ ስለ ሀይድን፣ ስለ ሥልጣኔ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ስለ ወፍ!»

«ሀይድን በልቶ ነው የሠራው! ባዶ ሆዱን ጥያቄና መልስ አልሠራም! አንተ ድምፄን ወስደህ ማሳዬን ዲዳ አደረግከው። ባላባቱ እንኳ እህሉን ነበር የሚወስድ፤ ድምፅ የወሰደ ጌታ ግን አንተን አየሁ!»

ይርጋ ወደ በሩ ተጣራ፤ «ከግቢው እንዳትወጣ።»

ጠባቂው አጎንብሶ «እሺ ጓድ» አለ።

በማግስቱ የገበሬ ማኅበሩ ሰው ከማለዳ ጀምሮ ወደ አዳራሹ ተነዳ። አጠያየቁ «ትመጣላችሁ?» የሚል አልነበረም። ሽማግሌው፣ ጎረምሳው፣ ሚስቱን ወይ ልጁን ማማ ላይ ትቶ የመጣው ሁሉ አግዳሚ ላይ ተደረደረ። እንግዳው ግን ረፋዱ ላይ አልመጣም፣ እኩለ ቀን ላይም አልመጣም። የመኪናው ጎማ ፈነዳ ተባለ። የመጣው ፀሐይ ወደ ምዕራብ ካዘነበለች በኋላ ነው። ሜዳ የሚያርስ ሰው ሁሉ ይህን ሰዓት ያውቀዋል፤ ግሪሳ ከማደሩ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ የሚበላበት ሰዓት ነው። አግዳሚው ላይ ያሉት ሰዎች እንደ ፍየል ይቁነጠነጡ ጀመር።

ይርጋ ጥቁር ኮቱን ለብሶ መድረኩ ላይ ወጣ። የገበያው ጫጫታ እንዳይገባ መስኮቶቹ እንዲዘጉ አዘዘ።

«ጓዶች! ይህ ሙዚቃ የሚደመጠው በጸጥታ ነው። ጭብጨባ የለም፣ እልልታ የለም፣ መቀበል የለም። መጨረሻው ላይ እኔ ምልክት ስሰጥ ብቻ!»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። «ሙሾ ነው እንዴ፣ ጓድ?»

«አይደለም፣ አባቴ።»

«ለሙሾስ ይለቀሳል እኮ። ይህ ዝም የሚባልበት ምን ይሉታል?»

ሳቅ ተነሳ። ይርጋ ከእንግዳው ጎን የተቀመጠው አስተርጓሚ እንዳይተረጉም በዓይኑ ለመነው።

ጀመሩ። ቫዮሊኑ ጠየቀ፣ ራሱ መለሰ። መሰንቆው ከሥር ተሸከመ። ኡሙልኸይር ትራክተሩን አነሳች፤ ድምፅዋ እንደ ታዘዘው ወጣ፣ እንደ ታዘዘው ወረደ። ልቧ ግን አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። እንግዳው ወፍራም፣ ፊቱ በቆላው ሙቀት ቲማቲም የመሰለ ሰው ነው። መሐረቡ ረጥቦ አልጠርግ አለው። ጥቂት ታገሠ፤ ከዚያ ይቅርታ የሚጠይቅ በሚመስል አኳኋን በእግሩ ጣት ተራምዶ ሄደና ራሱ መስኮቱን ከፈተው። ይርጋ በእንግዳ ላይ ምን ይላል? ጥርሱን ብቻ አሳየ።

ዜማው ወደ ጨለማው ቦታ ገባ፣ ተንከራተተ፣ ሊመለስ ደረሰ። ከመመለሱ በፊት ሁሉም ድንገት ቀጥ የሚሉበት ስፍራ አለ። አራት ምት ዝምታ። ይርጋ እዚህ ላይ ነበር ይበልጥ የደከመው፤ «ዝምታውም ሙዚቃ ነው» እያለ ስንት ቀን አስተምሯቸዋል። ቀስቱን አየር ላይ አንጠልጥሎ ቆመ። አዳራሹ ጸጥ አለ።

በተከፈተው መስኮት፣ ከሩቅ፣ ከዋጃ መንገድ በኩል፣ ከማማ ማማ ሲቀባበል የመጣ ቀጭን ድምፅ ገባ።

«ሆ—ሂ! በዞብል! ሆ—ሂ!»

ሁሉም ሰማው።  የወንዶቹ ጉልበት ተነሥቶ መልሶ ተቀመጠ። በሩ ላይ ጠመንጃ አለ፣ ፊት ለፊት ሹማምንት አሉ፣ እንግዳ አለ። ጩኸቱን ሰምቶ ዝም ማለት ደግሞ በዚያ አዳራሽ ውስጥ አንድም ሰው በዕድሜው ያላደረገው ነገር ነው። የሚያደርጉት ጠፋቸው። ስለዚህ ችግር ሲገጥማቸው ሁልጊዜ የሚያደርጉትን አደረጉ፤ አውጪዋን አዩ።

ይርጋ በከንፈሩ ይቆጥራል። ሦስት። አራት። ቀስቱ ወረደ፤ አሁን የእሷ መግቢያ ነው።

ኡሙልኸይር አፏን ከፈተች።

«ሆ—ሂ! በዞብል! ሆ—ሂ! የሰማህ ተቀበል!»

አዳራሹ ተቀበለ። ያን ያህል ቀን ተቀባይ የተነፈገችውን ሴት የመጋዘኑ ቆርቆሮ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ተቀበሏት። አግዳሚ ተገለበጠ። ሽማግሌው በትራቸውን ከፍ አድርገው መንገድ ከፈቱ። በሩ ላይ የነበረው ጠባቂ «ቁም!» ሊል አፉን ከፍቶ ነበር፤ የአባቱ ማሳ ከመንገዱ ማዶ መሆኑ ትዝ አለውና ጠመንጃውን እንዳነገተ ከሁሉም ፊት ፊት ሮጠ። እሸቴ መሰንቆውን ታቅፎ ተከተለ።

«ተመለሱ!» ይላል ይርጋ። «ኡሙልኸይር! አላለቀም እኮ! መልሱ ይቀራል!»

«ይኸው መልሱ!» አለችው ከበሩ ላይ፣ የሚሮጠውን ሕዝብ በእጇ እያሳየች። ከዚያ እሷም ሮጠች።

ግሪሳ ያላየ ሰው ደመና ይመስለዋል። ደመና ድምፅ የለውም። ይህ ግን በረዶ ቅጠል ላይ እንደሚወርድ እየተንሿሿ፣ እንደ አንድ ገላ እየተጠማዘዘ ከማሳ ማሳ ይገላበጣል፤ ያረፈበት ማሽላ ራሱን ይደፋል። ኡሙልኸይር ስትደርስ የታችኛው ግማሽ አልቋል። ሀሊሜ ማማው ላይ ቆማ በተቃራኒው በኩል ወንጭፍ ታዞራለች።

«በግራሽ፣ እማ! በግራሽ!»

ሀሊሜ ዞረች። ልጇ ናት ብላ አልተደነቀችም፣ አላቀፈቻትም። ወረወረች። ኡሙልኸይር ማማው ላይ ወጥታ ጮኸች። ታሂር ተቀበለ፣ ከታሂር ቀጥሎ ያለው ተቀበለ፣ ከአዳራሹ የመጣው ሰው በየማሳው ገብቶ ጅራፍ አጮኸ፣ ጣሳ ደበደበ። የፀሐይዋ ብርሃን ከዞብል ጫፍ እስኪለቅ ድረስ በጉሮሮዋ ውስጥ ያለውን ሁሉ አወጣች፤ ለትራክተር ያጠራቀመችውን፣ ለስንት ሳምንት በልኩ ወጥቶ በልኩ የወረደውን። ወፉ በመጨረሻ ተነሥቶ ሄደ። የላይኛው ግማሽ ተረፈ። የታሂር ሲሶው ሄዷል። «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ እየተናደዱም ይባላልና።

ይርጋ በማግስቱ ማለዳ መጣ። የመጣበትን መኪና አስፋልቱ ላይ አቁሞ በማሽላው መኻል በእግሩ ገባ። ኮት አልለበሰም። ሁለት ጠባቂዎች ከኋላው አሉ፤ አንዱ ትናንት ከፊት የሮጠው ነው፣ መሬት መሬት ያያል።

ኡሙልኸይር ከማማው ላይ ሆና አየችው። ሌሊቱን ሙሉ የምትለውን ስታዘጋጅ አድራለች፤ እንዲህ ያለ ስድብ በራያ ተሰምቶ አያውቅም።

«አልተቆጣሁም» አለ ይርጋ ወደ ላይ አንጋጦ። እንቅልፍ ያላየ ፊት ነው። «ስሚኝ። እንግዳው በጣም ተደነቀ። ሕዝቡ ከሙዚቃው ጋር ተነሣ ብዬ እኔው አስረዳሁት። ምን ልበል? ደሴ ላይ ይደገም ብሏል። እንዳለ፣ ከነጩኸቱ። ዝምታው ላይ አራት ምት ቆጥረሽ ትገቢያለሽ፣ ተቀባዮቹን እኔ አሠለጥናለሁ፣ ሲነሡም በሥርዓት…»

ወፍ ሳይኖር! የሐሰት ጩኸት! የግሪሳን ጩኸት በሐሰት ያወጣ ሰው ሁለተኛ ሲጮኽ ማን ይመጣለታል? ቁጣዋ ከእግር ጥፍሯ ተነሥቶ ጉሮሮዋ ደረሰ። አፏን ከፈተች።

ምንም አልወጣም።

እንደገና ሞከረች። ደረቅ ቅጠል ሲፈተግ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ብቻ። ያ ሁሉ ስድብ፣ በሌሊት አንድ በአንድ የተሳለው፣ ውስጧ ቀረ። ዓይኗ በንዴት እንባ ሞላ።

«ምነው?» አለ ይርጋ። «ኡሙልኸይር?»

የመለሰችለት ሀሊሜ ናት። ወንጭፏን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ ወደ ድምፁ ፊቷን አዙራ፣ በእርጋታ ተናገረች።

«ድምፅ ፈልገህ ከመጣህ የለም፣ ልጄ። ትናንት ማሳው ላይ ጨርሳዋለች። ወፎቹ ዘንድ ሄደህ ተቀበል።»

«ይሻላታል አይደል? መቼ ይሻላታል?»

«ማሽላው ሲታጨድ።»

«እማማ፣ እኔ እኮ ትእዛዝ…»

ኡሙልኸይር የእናቷን ቀኝ ትከሻ መታች። ከዞብል በኩል የጧቱ ወፍ እየመጣ ነበር። ሀሊሜ ንግግሩን እንኳ አላስጨረሰችውም፤ ወደ ቀኝ ዞራ ጩኸቱን አወጣች። ያረጀ፣ የተሰነጠቀ፣ ግን ሜዳውን የሚያቋርጥ ድምፅ። ታሂር ከማማው ላይ ተቀበለ። ልጇ ግራ ትከሻዋን መታቻት፣ ከሚያስፈልገው በላይ ጠንከር አድርጋ፤ ንዴቷን የምታሳርፍበት ሌላ ስላልነበራት። ሀሊሜ ወደ ግራ ጮኸች።

ትናንት ከፊት የሮጠው ጠባቂ ጅራፍ አንሥቶ ማሳው ውስጥ ገባ። ይርጋ ጠራው፤ አልሰማም፣ ወይም አልሰማሁም አለ። ሌላኛውም ተከተለው። ይርጋ ብቻውን ጥቂት ቆሞ፣ ከዚያ ጀርባውን ቀጥ አድርጎ በመጣበት በኩል ወደ መኪናው መሄድ ጀመረ።

ኡሙልኸይር ከእናቷ ጉልበት ላይ ወንጭፉን አነሣች። የደረቀ ጭቃ አጉርሳው ደጋግማ አዞረችና ለቀቀችው። ጓዱ ከፊቱ ሁለት እርምጃ ላይ የፈረሰውን ጭቃ አይቶ ዘለለ። በዚያ በኩል ወፍ አልነበረም።